ጠበቃችንን በጃንሆይ አምላክ ያቆምኩ ዕለት

ውሸታም አላችሁኝ አይደል? አቦ፣ ተዉና! «ፊደል ሳይጨርስ የመንግሥት እስረኛ ነበርኩ ይላል» ብላችሁ ሻይ ቤት ስትስቁ ሰምቻለሁ። ፊደሉን እውነት ነው አልጨረስኩም፤ ግማሹ ላይ ስደርስ ባቡር መጣ፣ ጆንያ ላወርድ ሄድኩ። እስሩ ግን እስር ነበር። በሰንሰለት ታስሬ የድሬዳዋን የከዚራ ሰፈር መንገድ ከነፈረሱ ቀጥ ያደረግኩትም እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ቆይ ልንገራችሁ።

ባቡር ጣቢያው ላይ ጫኝና አውራጅ ነበርን። አንድ ቀን በዚያ በድሬ የግንቦት ፀሐይ፣ አንዱ ጓደኛችን የጨው ጆንያ እንደተሸከመ ወደቀ። አለቃው «ቀጥሉ!» አለ። ያኔ አዴር የተሸከመውን አወረደና ላዩ ላይ ቁጭ አለ። አዴር ሶማሌ ነው፣ የሁላችንም ታላቅ፤ በቋንቋቸው አጎት እንደ ማለት ስለሆነ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው። እሱ ሲቀመጥ እኔ ተቀመጥኩ፣ እኔ ስቀመጥ ሰዉ ሁሉ ተቀመጠ። እኔ ባልቀመጥ ማንም አይቀመጥም ነበር፣ ይሁን እሱን እለፉት። ሳይመሽ «በመንግሥት ላይ አድማ አነሳሱ» ተብለን ሁለታችን ታሰርን።

ክፍሏ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ከቀትር በኋላ ግድግዳዋን ስትነካው እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ይፋጃል። የሰው ላብ፣ የሽንት ባልዲ፣ የተቃጠለ አፈር፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። እኔ ስቀልድ እስረኞቹ ሁሉ ይስቃሉ። «ወሪያ፣ አንተ ባትኖር ሙቀቱ ይገድለን ነበር» ይለኝ ነበር አዴር። ልጅን ሲጠራ «ወሪያ» ነው የሚለው።

ተስፋችን ጠበቃው ነበር። ዘመድ ለምኖ ያቆመልን፣ ሱፍ የሚለብስ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ሰው። እስር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ «ሰው ወድቆ አይቶ መቀመጥ አድማ አይባልም። ቆሜ እነግራቸዋለሁ። አዴር፣ በቀጠሮው ቀን ቤትዎ ይገባሉ» አለ። አዴርም ይህንኑ ለሚስቱ ላከባት። እሷም ቤቱን ኖራ ቀባች አሉ።

የቀጠሮው ለት የእኔን ግራ እጅ ከአዴር ቀኝ እጅ ጋር ቆራኝተው ፍርድ ቤት ወሰዱን። ጠበቃው የለም። አስጠሪው በር ላይ ወጥቶ ስሙን ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ውጭ አህያ አናፋ። «መጡ!» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።

«ጠበቃህ ካልቀረበ ራስህ ተናገር» አሉት አዴርን።

አዴር አማርኛው ውስጥ «አንቱ» የሚባል ነገር የለም። «ስማኝ ዳኛ» አለ። «ሰው ወደቀ። እኔ ተቀመጥኩ። አለቀ።»

እውነትም አለቀ። ለእኔ ልጅ ነው ተብሎ ጥቂት ወር እስራት፤ ለእሱ ብዙ ዓመት፣ ያውም ሩቅ አገር ወህኒ። አዴር የዳኛው አማርኛ ከብዶት ወደ እኔ ዞረና «ምን አለ?» አለኝ። እኔው ነገርኩት።

ሁለት ዘበኞች እየነዱን ስንመለስ፣ ከዚራ ዛፎቹ ከሚያልቁበት ስንወጣ፣ ጠበቃውን ጋሪ ላይ አየሁት። እሱም አየን። ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ሳበና ጋሪ ነጂውን «ተመለስ» ብሎ ጠቆመው።

«በጃንሆይ አምላክ፣ ቁም!» አልኩ።

ይህ ቃል ከተጠራ፣ የጠራው ሰው «አንስቻለሁ» እስኪል መንገድ መቀጠል የለም። ጋሪው ቆመ። የግመል ወተት ሻጯ ቆመች። ዘበኞቹም ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ቆሙ። በመንግሥት ላይ አድመሃል ተብሎ የተፈረደበት ልጅ በጃንሆይ ስም ከተማ አቆመ! ይኼን ነው ውሸት የምትሉኝ።

ጠበቃው ከጋሪው ወርዶ መጣ። ላቡ በሸሚዙ አንገት ይወርዳል።

«ለምን ቀሩ?» አልኩት።

እኔን አላየኝም። «አዴር፣ ትናንት ሰዎች ቤቴ መጡ» አለ።

«ምን አሉህ?»

«ክፉ አልተናገሩም። ልጆቼን በየስማቸው እየጠሩ ደኅንነታቸውን ጠየቁኝ፤ ከትልቁ እስከ ትንሿ።»

እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። «እስኪመሽ እዚሁ ትገተራለህ!» አልኩት፤ አንቱታውም ቀረ። አንዱ ዘበኛ «ኧረ አንሳው አንተ ልጅ፣ እኛም እየተቃጠልን ነው» አለኝ። እንቢ አልኩ።

አዴር በሰንሰለቱ ቀስ አድርጎ ሳበኝ። «ወሪያ፣ ልቀቀው። ሰውዬው ፀሐይ ላይ ነው።»

«እኛስ አዴር?»

«እኛ ለምደናል።» ከዚያ ወደ ጠበቃው ዞሮ፣ «ሂድ፣ ልጆችህ ጋ ግባ» አለው።

«አንስቻለሁ» አልኩ። መንገዱ ተንቀሳቀሰ። ጠበቃው ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ እኛ እስክናልፍ እዚያው ፀሐዩ ላይ ቆሞ ቀረ።

እስር ቤት ስንደርስ የሰንሰለቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቀትር እረፍት ቤቱ ሄዷል፤ እንደተቆራኘን ጋደም አልን። አዴር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድምፅ የለውም። ሰንሰለቱ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው እያለቀሰ መሆኑን ያወቅኩት። ቀልድ ፈለግኩ። አጣሁ። እጄን እንዳላንቀሳቅስ ብቻ ተጠነቀቅኩ።

በሳምንቱ ወሰዱት። ከዚያ ወህኒ አልተመለሰም፤ መርዶው ኖራ ለተቀባው ቤት ደረሰ። እኔ ተፈትቼ ይኸው ጆንያዬን እሸከማለሁ። ጠበቃውን ዛሬም መንገድ ላይ አየዋለሁ። «ስደበው እንጂ፣ አፍ አለህ አይደል?» ይሉኛል። አዴር የለቀቀውን ሰው እኔ መልሼ አልይዝም።

አሁንም አላመናችሁም? እሺ፣ እኔን ተዉኝ፣ ጉረኛ ነኝ። ያን ቀን ከዚራ የነበረ ሰው ጠይቁ፤ ጋሪ ነጂው አለ፣ ወተት ሻጯ አለች። ያ ሽማግሌ ጠበቃውን ምን ብሎ እንዳስለቀቀው ጠይቋቸው። ወንድ ከሆናችሁ ሳታለቅሱ ሰምታችሁ ኑ።