ውብነሽ የምታትመው ሶል

ውብነሽ ጫማውን ገልብጣ ሶሉ ውስጥ የገባውን አሸዋ በጥርስ ብሩሽ ታወጣለች። ጥቁር ቀለም በስፖንጅ ስስ አድርጋ ትቀባዋለች፤ ከበዛ መስመሩ ይደፈናል። ከዚያ ወረቀት ታለብሰውና በማንኪያ ጀርባ ከተረከዙ ጀምራ ታሸዋለች።

አዲስ አበባ የጀመረችውን የሥነ ጥበብ ትምህርት አቋርጣ ነው ሪያድ የመጣችው፤ አሁን መንፉሐ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። ትምህርት ቤቱ እስከ መስከረም 1996 ድረስ በእጇ ያተመቻቸውን ሥዕሎች የያዘ ያለቀ መጽሐፍ ካመጣች ሊመልሳት ተስማምቷል።

የሰው ፊት ልትስል ስትል ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ደንበኞቿ ፈሩ። ስለዚህ ሲገቡ በሯ ላይ የሚያወልቁትን ጫማ ማተም ጀመረች።

የቤት ቀለም ቀቢው ሙሳ፣ "ያላ እህቴ፣ ጫማዬን መልሺ፤ በባዶ እግሬ ልትሸኚኝ ነው?" አላት።

"ቆይ፣ ሶልህ መሐሉ ላይ ብቻ ለምን አለቀ?"

"መሰላል ላይ ስለምውል ነዋ።"

መልሱን ከኅትመቱ ሥር ጻፈችው።

እስካሁን ሃያ ገጽ በልብስ ክር ሰፍታለች፤ ሁሉም የወንድ ጫማ ነው። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩት ሴቶች እንደ ልብ አይወጡም። እነሱ የሌሉበትን መጽሐፍ አለቀ ብላ ማስረከብ አትፈልግም። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ እህቶች፣ "ያረጀ ነጠላ ጫማችሁን በሚወጣ ሰው እጅ ላኩልኝ" ትላለች። "ስማችሁ ይቅር፤ ቀኑን ሙሉ የት የት እንደምትቆሙ ብቻ ንገሩኝ።"