የናሆም ከተማ ለንደን የመጣች ቀን

ከሐዋሳ የወጣንበት ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ባትሪ ይዞ ሊሸኘን ወጣ። ናሆም ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ወንድሜ ሻንጣችንን ሚኒባሱ ላይ እያሰረ፣ «ለንደን መብራት አይጠፋም አሉ» አለኝ። «እንግዲህ እናያለን» አልኩት። ሰው አገሩን ሲለቅ ትልቅ ነገር ተናግሮ የሚሄድ ይመስለዋል። እኔ ግን የናሆም አንዱ ጫማ ወልቆ ጠፍቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ አጎንብሶ በባትሪ ጫማ ሲፈልግ ነው የሄድኩት። ጫማውም አልተገኘም።

ባለቤቴ ቀድሞን ወጥቶ ነበር። እሱ በበረሃና በባሕር ነው የሄደው። እኔ፣ ወረቀት አግኝቶ ስለ ጠራን፣ በአውሮፕላን መጣሁ፤ ስለዚህ የመንገድ ስቃይ ሲወራ ዝም እላለሁ። የሱን መንገድ የሚያወራው እሱ ነበር፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ታሞ አረፈ። ጌታን አልከሰስኩትም። ልጄን በሕይወት አደረሰልኝ፤ ቤትም ሥራም ሰጠኝ።

ባለቤቴ ሲያርፍ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ በተከራየነው ፎቅ ላይ ነበርን። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው በሙሉ መጣ። አከራያችን ደረጃው ላይ የተደረደረውን ጫማ አይቶ አንኳኳ።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«እኔና ልጄ።»

«ይሄ ሁሉ ጫማስ?»

«ባለቤቴ ሞቶ ነው። ሊያጽናኑኝ መጥተው ነው።»

ደነገጠ፤ አዝናለሁ አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መቼ ይሄዳሉ?» አለኝ።

«እኔ ስጽናና።»

«ውሉ ላይ እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሊያጽናኑኝ ከመጡት ሴቶች አንዷ፣ ጽጌ፣ ከኋላዬ መጥታ ምግብ የሞላ ሳህን አስያዘችው። ደረጃው ላይ ቆሞ በላ። በማግስቱ ሳህኑን አጥቦ ባዶውን መለሰ። አልተቀየምኩትም፤ እዚህ አገር ባዶ ሳህን መመለስ ነውር አይደለም።

ጽጌን ያወቅኋት በዚያ ሰሞን ነው። በኋላ ሁለታችንም ኪራይ ረከስ ወደሚልበት፣ እዚያው ለንደን ዳር ወዳለው ኤድመንተን ተዛወርን። እኔ አረጋውያን የሚጦሩበት ኬር ሆም ገባሁ። እሷ በርበሬና ሽሮ በኩሽናዋ ማዘጋጀት ጀመረች። እያደር ከመጋዘኖቹ መካከል አንዲት ጠባብ ቦታ ተከራየች፤ ወፍጮ ገዛች። በኋላም ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ድረስ የሷ እሽግ ይሸጥ ጀመር። ጠዋት ጠዋት፣ እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ እሷ ወፍጮዋን ሳትከፍት፣ በስልክ አብረን እንጸልይ ነበር። አጭር ጸሎት ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ አሜን እንላለን።

ናሆም አደገ፤ ተማረ። ለሁለተኛ ዲግሪ ካናዳ ሄደ፤ እዚያው በአንዲት መካከለኛ ከተማ ሥራ ያዘ። የከተማዋን ስም በትክክል መጥራት ስላቃተን «የናሆም ከተማ» እንላታለን። ሥራው ከተማዋን ለባለሀብቶች ማስተዋወቅ ነው። መሬቱ ሰፊ ነው፣ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ኑና ፋብሪካ ክፈቱ ይላሉ። ይህን ለጋሽ ታደሰ አወራኋቸው። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን የለንደን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

«ከተማ ራሱ ሰው ይለምናል?»

«ይለምናል አሉ፣ ጋሽ ታደሰ።»

«በይ እንግዲያ የልጅሽ ሥራ ሽምግልና ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡ ጥሩ ነው እያሉ ሴት ልጅ መጠየቅ። ጉድለቱ አይነገርም።»

አንድ ቀን ናሆም ደወለ።

«እማዬ፣ ለንደን ልመጣ ነው። ለሥራ። ከአለቃዬ ከሊንዳ ጋር ለኢንቨስተሮች ስብሰባ እናዘጋጃለን። ችግሩ፣ ሰው የሚመጣ አይመስለኝም።»

«ካልመጣስ?»

«ኮንትራቴ እያለቀ ነው። ይሄ ካልተሳካ አያድሱልኝም። ያኔ ተመልሼ ካንቺ ጋር ነዋ።»

ልቤ ዘለለ። ክፍሉ እንደነበረ ነው፤ አንሶላውን እስከ ዛሬ እቀይራለሁ። ከዚያ ግን ድምፁን አዳመጥኩት። ሥራውን የሚወድ ሰው ድምፅ ነበር። ስለዚህ ተንበርክኬ እንዲቃናለት ለመንኩ። ከተቃናለት እዚያው እንደሚቀር አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መለመን አይቻልም።

ሰው ይጠፋል ብሎ ፈርቶ የለ? በእኛ ዘንድ የሰው ልጅ ጉዳይ ሲኖረው ቤቱን የሚሞላለት ወገኑ ነው። ሰርግ ይሁን፣ ምረቃ ይሁን፣ ምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? እሁድ ከአምልኮ በኋላ ተነሥቼ፣ «የናሆም ስብሰባ ስላለ እንድትገኙልኝ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ለናሆምም አልነገርኩትም።

ስብሰባው ሊቨርፑል ስትሪት አጠገብ፣ መስታወት በመስታወት በሆነ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደረስን። ወንዶቹ ሱፍ፣ ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል። ሳምቡሳና ድፎ ዳቦ ይዘናል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ወደ እኛ ተመለከተ፣ ወደ ድፎው ተመለከተ።

«ከየትኛው ድርጅት ናችሁ?»

«የናሆም ነን» አሉት ጋሽ ታደሰ።

«ሁላችሁም?»

«የሌሊት ሺፍት የሚገቡት ቀርተዋል» አሉት፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

አዳራሹ ሞላ። ከእኛ ሌላ የመጡት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም በጣት የምትያዝ ሳንድዊች በልተው፣ ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። ናሆም መድረኩ ላይ ቆሞ ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ። መደሰቱን ወይም መደንገጡን መለየት አልቻልኩም። ሊንዳ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ደልዳላ ሴት፣ ከፊት ወንበር ላይ በደስታ ትንቀሳቀሳለች።

ናሆም ጀመረ። በፕሮጀክተር ወንዙን አሳየን፤ ድልድዮቹን አሳየን። ሰማዩ እንደ ሐዋሳ ሰፊ ነው፤ ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰማይ አይቼ አላውቅም። መጋዘኑን፣ የባቡር ሐዲዱን፣ ባዶውን መሬት አሳየን። ሥዕሉ ሁሉ የበጋ ነበር።

«በረዶውን የት ደበቁት?» አሉ ጋሽ ታደሰ በጆሮዬ።

«ይስሙ እንጂ፣ ጋሽ ታደሰ።»

«መስማቱንማ እሰማለሁ። አላልኩሽም? ሽምግልና ነው።»

ሲጨርስ፣ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እጁን ያነሣ ማንም አልነበረም። እዚህ ላይ ለማያውቀን ማስረዳት ያስፈልጋል። እጃችን ላይ ያደገ ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ስንት ነው? ማስረጃህ የታል? ማለት እሱን በሰው ፊት መፈተን ነው። ባይመልስስ? እናቱም ተቀምጣለች። እና ሁሉም በፍቅር ዝም አለ። ሊንዳ ተነሣች።

«ወደ ከተማችን መምጣትን የምታስቡ አላችሁ?»

ጋሽ ታደሰ ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። በእንግሊዝኛ፣ «ይህ ልጃችን ነው። የጠራን ልጃችን ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ እንመጣለን። ከተማችሁን ይባርክ» አሉ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እልል ያለችም ነበረች። የሊንዳ ዓይን እንባ አቀረረ።

ከዚያ ሳምቡሳ ይዛ በመካከላችን ዞረች። ጋሽ ታደሰን ስታነጋግር አጠገባቸው ነበርኩ።

«በምን ዘርፍ ነው የሚሠሩት?»

«ትራንስፖርት።»

«ስንት ተሽከርካሪ አለዎት?»

«አሁንማ አንድም የለኝም። ጨርሼ ወጣሁ፤ አረፍኩ።»

«ሸጠው ወጡ! በጣም ብልህ ነዎት» አለቻቸው። ጋሽ ታደሰ ብልህ መባላቸውን በትሕትና ተቀበሉ።

ናሆም ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«እማዬ፣ ምንድነው ያደረግሽው?»

«ሰው ይጠፋል አላልክም?»

«ኢንቨስተር ነው ያልኩት! ሲሪየስሊ፣ እማዬ፣ ሊንዳ እኮ ሁሉም ባለሀብት መስለዋታል። ሪፖርት ልታደርግ ነው። ኮንትራትህ ያለ ጥርጥር ይታደሳል ነው የምትለኝ።»

«ንገራታ።»

«ከነገርኳት አበቃ። ዝም ካልኩ ደግሞ...» አልጨረሰውም።

እኔ ጨረስኩት። ዝም ካለ በውሸት ላይ እንጀራ ይበላል። ከተነገራት ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ወደ እኔ። ወደ ሊንዳ ስሄድ ከሁለቱ የቱ እንደገፋኝ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቀዋል።

«እኔ የናሆም እናት ነኝ» አልኳት። «እነዚህ ሰዎች ኢንቨስተሮች አይደሉም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። እሱ አልጠራቸውም፤ የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

ሳምቡሳውን ማኘክ አቆመች።

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ለናሆም።»

«ከተማዋ ምን እንደሆነች ያውቃሉ?»

«የናሆም ከተማ እንደሆነች ያውቃሉ።»

«እንመጣለን ብለዋል እኮ!»

«አክብሮ ለጋበዘ ሰው፣ አንመጣም አይባልም።»

ሊንዳ ናሆምን አየችው፤ ናሆም ወለሉን ያያል። ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናት፤ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የፕሮጀክተሩን ባዶ ሸራ ተመለከተች። የዚያን ጊዜ ጽጌ፣ ሳህኖቹን ስትሰበስብ የነበረችው፣ እጇን በሶፍት እየጠረገች መጣች።

«አሁን እንግዲህ እውነቱ ከወጣ፣ እኔ ጥያቄ ነበረኝ» አለች።

«አንቺ?» አልኳት።

«አዎ እኔ። በሰው ፊት ልጁን እንዳላሳፍር ብዬ ነው እንጂ ከመጀመሪያው አፌ ላይ ነበር።» ወደ ናሆም ዞረች። «ና እስቲ፣ ያ ሐዲዱ አጠገብ ያለው መጋዘን፣ ውኃና መብራቱ ገብቷል? ወፍጮ ማታ ማሠራት ይፈቀዳል? ስንዴና ምስር እዚያው ይበቅላል ብለሃል፤ ከገበሬው በቀጥታ ልግዛ ብል ማን ይከለክለኛል? ክረምቱንስ ለምን ዘለልከው? በረዶ መንገድ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?»

ናሆም ቀና አለ። አንድ በአንድ መለሰላት። የማያውቀውን አላውቀውም አለ። በረዶው ይከብዳል፣ መንገዱ ግን ይጠረጋል አላት። ሊንዳ ወንበሯን ወደ እነሱ አስጠጋች። ጽጌን እህታችን፣ ባለ ሽሮዋ፣ ነበር የምንላት። ኢንቨስተር ናት ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እሷም ጭምር። እኔ ቆሜ ሳያቸው የቀረውን ድፎ ቆራረስኩ። ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረም።

ጽጌ በበጋ ሄዳ አየችው። በክረምትም ሄዳ አየችው፤ ብልህ ናት። ከዚያ ወፍጮዋን ሸጣ ጠቅልላ ሄደች። የናሆም ኮንትራት ታደሰ። አለቃው፣ ከለንደን ስብሰባ የተገኘችው ጽጌ ብቻ ብትሆንም ትበቃለች አለች አሉ። የለመንኩት ሁሉ ሆነ። ልጄ ሥራው ተቃናለት፤ ጓደኛዬም ሥራዋ ሰፋላት። ጌታ ይመስገን እላለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። አሁን ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ በናሆም ከተማ ገና ሌሊት ነው፤ ጽጌ ተኝታለች።

ባለፈው እሁድ አመሻሽ ላይ ናሆም ደወለ።

«እማዬ፣ አንቺም ለምን አትመጪም? ክሊኒኩ ቅርብ ነው። አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመጣል። ሐበሻው በዝቷል፤ እሁድ እሁድ በጽጌ መጋዘን ውስጥ እንሰበሰባለን። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል፣ ከመስኮቱ ወንዙ...»

በመድረኩ ድምፅ ነበር የሚያወራኝ።

«ናሆም፣» አልኩት፣ «እኔ ኢንቨስተር አይደለሁም።»

ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከዚያ በራሱ ድምፅ፣ «ጉባኤው አልቆ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ነው የሚከብደኝ» አለ። «እሁድ ከሰዓት።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አባቱ እዚህ ለንደን ተቀብሯል። ኬር ሆም ውስጥ ያለ እኔ እጅ የማይበሉ አረጋውያን አሉኝ። እሱ ደግሞ እዚያ ሰው ሆኗል። ና ብለው ይመጣል፤ ለዚህ ነው ና የማልለው።

«እንጸልይ» አልኩት።

«እሺ፣ ጀምሪ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩና ቆምኩ። መልሰው ልበል? አጽናው ልበል? ወይስ እኔን ወደ እሱ ውሰደኝ? የሱ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ የኔም ሳይሰማው አይቀርም። ቃል አልመጣልኝም።

ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና፣ «አሜን» አለ።