ፈትቷል

ያልፈታሁትን ፈትቷል ብለው ጻፉብኝ። እኔም ፈረምሁበት። በዚያች ወረቀት ከሥራዬ ወጣሁ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ዳግመኛ የሚያስነካኝ ሰው አላገኘሁም።

የምሠራው ፋሲሎ ሰፈር ካለ ጋራዥ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ነው ያደግሁት። ፊደል የቆጠርሁት ባርባ ዓመቴ፣ ከሥራ መልስ፣ የሕፃን ዴስክ ላይ ጉልበቴ እየተላጠ ነው። እስከዚያ ድረስ ለማንኛውም ወረቀት አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርሁ ነበር የምፈርም። ስሜን በእጄ የጻፍሁ ቀን ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም ብዬ ነበር። ብዬ ነበር።

ለዚህ ያበቃችኝን መኪና ያመጧት ሐጂ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ትንሿን የኤሌክትሪክ መኪና ልጆቻቸው ናቸው የገዙላቸው።

"ጧት ሳስነሣት ትንቀጠቀጣለች፣ እንደ በቅሎ ትደነብራለች፣ ከዚያ መብራት አብርታ ቀጥ ትላለች" አሉኝ። "ከሰዓት ፀሐይ ሲመታት ግን ምንም አትልም።"

የምርመራ ማሽኑ የሞተር ቦታ ሴንሰር ስሕተት አለ የሚል አወጣ። ሴንሰሩ ሞተሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የሚሽከረከረው ብረት የት ላይ እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ወሬው ከተዛባ ኮምፒውተሩ ኃይሉን ያለጊዜው ይልካል፤ መኪናም ትደነብራለች።

የጋራዡ ኃላፊ ዲፕሎማ ያለው ጎረምሳ ነው። ስክሪኑን አየና "ሴንሰሩ ሞቷል። ከነሞተሩ ይቀየራል፣ ዋስትና አላት" አለ።

"ማሽኑ የተዛባ ወሬ ደረሰኝ ነው የሚል" አልሁት። "ሴንሰሩ ይሁን ሽቦው መቼ ለየ?"

"ጋሼ፣ ማሽኑ ካንተ በፊት ነው ትምህርት ቤት የገባ!"

ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ ሐጂ ዞርሁ።

"ሐጂ፣ የት ነው የሚያሳጥቧት?"

"ሐይቁ እያለ ማሳጠብ ምን ያደርጋል? ጎማዋ እስኪሸፈን አስገባታለሁ። ታንኳ ዕድሜ ልኩን ውሃ ላይ ይኖር የለም እንዴ? እሷ አንድ ሰዓት አትችልም?"

"እሷ ታንኳ አይደለችማ።"

"እሱንማ አየሁ! ታንኳ ብትሆን አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ!"

የትልቁን ባትሪ ማቋረጫ ነቀልሁ፤ ኃይሉ እስኪሞት ቆየሁ፤ ከዚያ የሴንሰሩን ሶኬት ፈታሁ። ስድስት ሽቦ ነው፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ሦስት ጥንድ። በቴስተር እያንዳንዱን ጥንድ ለካሁ። አንዱም አልተቆረጠም፤ ሽቦውን ብነቀንቀው ቁጥሩ አይዘልም፤ ወደ ሞተሩ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያፈስም የለ። ሴንሰሩ ደህና ነው። ሶኬቱን ገልብጬ ሳየው ግን ላስቲኩ ተቀዷል፤ ሁለቱ ፒኖች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ ሥሩ ላይ የጣና ውሃ ተኝቷል። ቁጥሮቹን ከግሪስ ካርቶን ላይ በቀደድሁት ቁራጭ በእርሳስ ጻፍሁ። ለኃላፊው ሰጠሁት። በሱ እጁን ጠረገና መለሰልኝ።

አዲስ ሞተር ታዘዘ። የመኪናዋ አስመጪዎች ዋስትናውን ከማጽደቃቸው በፊት ማን እንደነካው ጠየቁ። ኃላፊው ወረቀት ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ ሴንሰሩን ፈትተሃል አይደል?"

"ፈትቻለሁ።"

እኛ ዘንድ ሶኬትም ይፈታል፣ ብሎንም ይፈታል፣ ሞተርም ይፈታል። ስም አናበዛም። እኔ ሶኬቱን ማለቴ ነው። እሱም ሶኬቱን ማለቴን ያውቃል፤ ስፈታ ከራሴ በላይ ቆሞ ነበር። ጻፈና ሰጠኝ፤ "የሞተሩን ቦታ ሴንሰር ያለፈቃድ ፈትቷል።"

በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት።

"ኧረ ጋሼ፣ ዳዊት ነው እንዴ የምትደግም?" አለ አንዱ ከመኪና ሥር።

አፈርሁ። ግን እስከ መጨረሻው አነበብሁት። የማላውቀው ፊደል አልነበረበትም። ሶኬት የሚለው ቃል ነው ያልነበረበት። የተጻፈውን ማንበብ እንጂ የጎደለውን ማንበብ ማን አስተማረኝ? ፈረምሁ።

ሴንሰር ከተቀመጠበት ከተፈታ ፋብሪካው ያስተካከለለት ልክ ይዛነፋል። አስመጪዎቹ ይህን ይዘው ያበላሸው የእናንተው ሰው ነው አሉ፤ ዋስትናውን ከለከሉ። ኃላፊው በዚያው ወረቀት አባረረኝ።

ሐጂ መኪናዋን ሌላ ዘንድ ወሰዷት። ከሳምንታት በኋላ ሰባታሚት ድረስ እየነዱ መጡ።

"ሶኬቷን ብቻ ነው የቀየሩላት" አሉኝ። "ያው ሴንሰር፣ ያው ሞተር። እያት፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እመሰክርልሃለሁ።"

ጋራዡን ከስሼ ነበር፤ መሰከሩልኝም። የሠራተኛ ክርክር የሚያየው ሰው በአክብሮት ሰማቸው።

"ሐጂ፣ እርስዎ መካኒክ ነዎት?"

"የታንኳ።"

ክፍሉ ሳቀ። ካርቶኔን አቀረብሁ። ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

"ቀን የለውም" አለ። የፈረምሁበትን ወረቀት አነሣ። "ማንበብ ትችላለህ?"

ወንበር ላይ የተቀመጠ ሹም ይህን እንዲጠይቀኝ ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ።

"እችላለሁ!" አልሁ፤ ተነሥቼ ቆሜ።

"አንብበው።"

አነበብሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዲት ፊደል ሳልስት። "ፈትቷል" ላይ ስደርስ አጥብቄ ነው ያነበብሁት።

"ፊርማው ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

ስንወጣ ሐጂ በሩ ላይ ያዙኝ። "ምነው አልችልም ብትል? እኔ እስከ ዛሬ በጣቴ ነው የምፈርም። ማን አነበበለት፣ ማን አስረዳው ተብሎ ምስክር ሳይጠራ አንድ ወረቀት አልፎብኝ አያውቅም።"

አውራ ጣቴን አየሁት። ንጹሕ ነው።

ውሳኔው አጭር ነበር፤ "አንብቦና ተረድቶ የፈረመ በመሆኑ" ይላል። ይግባኝ የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልጻፍሁ። አሁን ፔዳ ግቢ በር ላይ የባጃጅ ጎማ እለጥፋለሁ። አንዳንድ ጊዜ አንዷ የኤሌክትሪክ መኪና ስትነሣ ደንብራ ታልፋለች። ሶኬቷን እዩ ብዬ አልጮህም።

ካርቶኑ ኪሴ ውስጥ አለ። የለካሁበትን ቀን አላስታውሰውም። ያለ ቀን እንዳይቀር ብዬ ውሳኔው የተነበበበትን ጻፍሁበት፤ ሰኔ 22።