አባቴ በእግር፣ እኔ በአይሮፕላን

በጣሊያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ለአንድ ጣሊያናዊ ሹም አስተርጓሚ ነበርኩ። ጣሊያንኛውን የለቀምኩት መንገድ ከሚሠሩት ጣሊያኖች ጋር ስውል ነው። ወላይትኛው የቤታችን፣ አማርኛው የከተማው ነበር። አባቴ ከሶዶ በታች፣ በዴሳ ከተማ አጠገብ ያርሳል። ሥራዬን አይወደውም፤ ግን «ተው» ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ሹሙ በድንገት ወደ አዲስ አበባ ተጠራና «ተነሥ፣ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። አይሮፕላኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ይጠብቅ ነበር። ቤት ለመሄድ ጊዜ ስላልነበረ ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ «አባቴ ከመጣ በሰላም እንደሄድኩ፣ ቶሎም እንደምመለስ ንገርልኝ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አባቴን አላሰብኩትም። ፈርቼም ነበር፤ ደስታዬ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። ዳሞታ ተራራ ከበታቻችን ሆነ፤ የእንሰቱ ማሳ የጎመን መደብ መሰለ። እግረኛ ግማሽ ወር የሚለፋበት አገር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ስንወርድ አብራሪውን ስለ ርቀቱ ጠየቅኩት።

«በሰማይ ቅርብ ነው፤ ገደልና ወንዝ አንዞርም» አለኝ።

አባቴ ሊጠይቀኝ ሶዶ ሲመጣ ዘበኛው የነገረው ግን «ልጅህን ጣሊያኖች በአይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት» ብሎ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ተወሰደ ማለት ታሰረ፣ ምናልባትም ተገደለ ማለት ነበር። አባቴ ቤት ገብቶ ጥቂት ቆሎ ቋጠረና በሆሳዕና መንገድ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ተነሣ።

በሳምንቱ እኔ በአይሮፕላን ተመለስኩ። ስኳርና ጨው ይዤ ወደ በዴሳ ስወርድ እናቴ በር ላይ አየችኝ።

«አባትህስ?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«አንተን ፍለጋ ሄዷል እኮ።»

ሹሙን ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ካለ ለአባቴ መልእክት እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። «አንድ ሽማግሌ ከሰማይ ማን ይለየዋል?» አለኝ። አጎቴ አባቴን በፈረስ ተከተለው፤ ሆሳዕናን ማለፉን ሰምቶ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፍቶበት ተመለሰ።

አባቴ የመጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ጋቢው የለም፣ ጉልበቱ አብጧል። አዲስ አበባ ገብቶ በየእስር ቤቱ ደጃፍ ሲቆም ከርሟል። አማርኛ አያውቅም፤ ስሜን ብቻ እየጠራ ዘበኞቹን ይለምን ነበር። እኔ በሦስት ቋንቋ እንጀራ የምበላው ልጁ ያን ጊዜ ቤቴ ተኝቼ ነበር። በመጨረሻ አንድ ከሶዶ የመጣ የአገራችን ሰው አግኝቶት «ልጅህ ከተመለሰ ቆየ» አለው።

እግሩን እያጠብኩ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አንተ ምን አደረግህ? ዘበኛው ነው እንጂ» አለ።

እውነቱን ነው፤ ግን አልቀለለኝም። አስተርጓሚነቱንም ወዲያው አልተውኩትም።

ጉልበቱ ከዚያ በኋላ አልዳነም። በየሳምንቱ ልጠይቀው ስወርድ በትሩን ተደግፎ ሊቀበለኝ ይነሣል። «ግድ የለም፣ ተቀመጥ» እለዋለሁ፤ አይሰማኝም።