የአረንጓዴው መላጊያ ምስክር

ወረታ ገበያ ላይ አናጢው ያየህ ዓይኑን ጨፍኖ ሳያዳምጥለት መጋዝ የሚገዛ ሰው እንደ ሞኝ ይቆጠር ነበር። መጋዝ ይሁን መጥረቢያ፣ መሮ ይሁን መዶሻ፣ ገዢው ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ያየህ ብረቱን በሁለት ጣቱ ያንጠለጥላል፣ በጥፍሩ ኳ ያደርገዋል፣ ወደ ጆሮው ያስጠጋና ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ ወይ «ይሁን፣ ውሰደው» ይላል፣ ወይ «ለበሬህ ቃጭል አድርግለት» ይላል፤ ይግባኝ የለም።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። ያየህ ጆሮ የለውም። ደንቆሮ ነው ማለት አይደለም፤ ትንሽ ሆኖ ዜማ ሊማር ገብቶ፣ መሪጌታው አንድ ክረምት ከታገሉት በኋላ «ልጄ፣ እግዜር ድምፅ ሰጥቶህ ጆሮ ነስቶሃል፣ ሂድና ሌላ ነገር ሞክር» ብለው የመለሱት ሰው ነው። እስከ ዛሬ የቃጭልና የድስት ድምፅ እንኳ በቅጡ አይለይም። ዕቃ የሚያውቀው እንደ ማንኛውም አናጢ በዓይኑ ነው፤ ጥርሱን፣ እጀታውን፣ የብረቱን ውፍረት ገና ገዢው ሲዘረጋለት አይቶ ጨርሷል። ችግሩ፣ እንዲያ እያየ «ይህ አይረባም» ሲል የሚያምነው ሰው አልነበረም፤ ገዢውም ሻጩም ተጋግዘው ይከራከሩታል። አንድ ቀን ግን የሰው መጥረቢያ ይዞ ሳለ የገበያው አቧራ ዓይኑ ውስጥ ገባና ጨፈነ። ዙሪያው ጸጥ አለ። ዓይኑን እያሸ «ይቅርብህ» ቢል፣ ሰውየው ያለ አንዳች ክርክር መጥረቢያውን ለሻጩ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ያየህ ሳይጨፍን ፈርዶ አያውቅም።

ይህን የምታውቀው ሚስቱ አማከለች ብቻ ነበረች። «አቧራው ነው እኮ የሚያስከብርህ» ትለዋለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። ይህ ለሰው ዳኛ የሆነ ባሏ፣ ለራሱ ሲሆን ርካሽ ዕቃ ያየ እንደሆነ እግሩ ከመሬት ይጣበቃል። ካልጋው ሥር አንድ ሣጥን አለ፤ እንጨቱ ሳያልቅ እሱ ያለቀ ሞረድ፣ እጀታው ከራሱ ጋር የተጣላ መዶሻ፣ «ለዚህ ዋጋ ምን ይወጣለታል» እያለ የሰበሰበው ሁሉ እዚያ ተቀብሯል። እንጀራ የሚበላበት ደህና ዕቃ ሙያውን ካስተማሩት አናጢ የወረሰው፣ ከጣልያን ጊዜ የተረፈ አንድ መላጊያና አንድ መጋዝ ብቻ ነው።

ጣጣው የመጣው ገበሬው ከየማሳው ተነሥቶ በመንደር ይሰብሰብ በተባለበት ዓመት ነው። የፎገራ ሜዳ ሰው ቤቱን እያፈረሰ፣ ቋሚና ወራጁን እየተሸከመ አዲስ መንደር ሊተክል ሆነ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አናጢ ሆነ፣ ሁሉም መጋዝ ፈለገ። ደህና ዕቃ ደግሞ በዚያ ዘመን ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። በዚህ መሐል፣ ጥቅምት ላይ፣ አንለይ የሚባል ነጋዴ ከባሕር ዳር በኩል ብቅ አለና ገበያው ዳር ሸራ ዘረጋ። መላጊያ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ዋጋውም ሰው «እውነትህን ነው» ብሎ ደግሞ እስኪጠይቅ ድረስ የረከሰ ነው።

ያየህ ከሩቅ አይቶ ፍርዱን ጨረሰ። ብረቱ ከነዳጅ በርሜል የተቆረጠ ነው፤ ቀለሙ የተቀባው ብረቱን ለመደበቅ ነው። የሚለውንም ቃል መርጦ፣ «የበርሜል ሬሳ» የምትለዋን በምላሱ እያገላበጠ፣ ሰው ሲስቅ ገና ከአሁኑ እየታየው ወደ ሸራው ተጠጋ።

«ዘመዴ፣ እንኳን መጡ» የሚል ድምፅ ከጎኑ ሰማ።

አቶ አዛናው ናቸው። ከርብ ወንዝ ማዶ የሚያርሱ፣ ከብታቸው የበዛ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው አበረ የያየህን ልጅ እማዋይሽን ሊያገባ፣ መስከረም ላይ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እማዋይሽም አበረን ትወደዋለች፤ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ የምትዘገየው ወረፋ በዝቶ እንዳልሆነ አባቷ ያውቃል። አባቷ የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። አቶ አዛናው ኩሩ ናቸው። ታላቅ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ቀን ቆርጠው ሳሉ፣ የልጅቱ አባት በሰው ፊት በቅሎአቸውን «ታነክሳለች» ቢላቸው፣ ነገሩን እዚያው አፍርሰው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

«ይህችን ገዛሁ። እስቲ ይዩልኝ» አሉና ከጋቢያቸው ሥር አንድ አረንጓዴ መላጊያ አወጡ።

ያየህ ተቀበለ። ስለቱ ከቦታው ላይ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይወዛወዛል። ቀለሙ ጣቱ ላይ ቀረ። ሰው ከበበ። በዚያች ጊዜ ዓይኑን የጨፈነው ከልቡ ነው፤ ሊያዳምጥ ሳይሆን ሊጸልይ። በጥፍሩ ነካ ቢያደርጋት ጆሮ ለሌለው ሰው እንኳ የምታሳፍር ድምፅ አወጣች።

«እንዴት ናት?» አሉ አቶ አዛናው።

«ደህና ናት» አለ ያየህ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምንም አልነበረም። ነገር ግን ደህና ብቻ ማለቱ የአማቹን አባት ደስታ ያጎደለ መሰለውና ጨመረበት። «ደህናም ብቻ አይደለች። እኔ ራሴ እጅ ቢያጥረኝ ነው እንጂ ከነቤተሰቧ እገዛት ነበር።»

አቶ አዛናው ደረታቸው ሰፋ። ሰውም የሰማውን ሰማና ሸራው ላይ ተረባረበ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከአንዲት መሮ በቀር ዕቃው ሁሉ አለቀ። አንለይ ራሱ የቀረችውን መሮ አንሥቶ፣ ያልታየው ነገር እንዳለ ለማወቅ ወደ ብርሃን እያዞረ አያት።

አማከለች ወሬውን ከገበያተኛ ሰምታ ጠበቀችው። «ለልጅህ ብለህ ነው፣ ደግ አድርገሃል። ከነቤተሰቧ ያልከው ግን ምን አስፈልጎህ ነው?»

«አፌ ነው» አለ ያየህ።

በሚቀጥለው ገበያ አቶ አዛናው አህያ ነድተው መጡ። አህያዋ ላይ ጆንያ አለ፤ ጆንያው ውስጥ ያን ዕለት በሽሚያው መሐል እየመረጡ የገዙት አረንጓዴው ቤተሰብ አንድ ሳይቀር አለ። «እኔ እያለሁ እጅ አጠረኝ ብለው ሊቆጩ አይገባም። ለእርስዎ ነው። የልጆቹን አልጋ በዚህ ይሥሩልኝ» አሉ። ያየህ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ጎንበስ እንዳለ ትንሽ ቆየ፣ ፊቱ እንዲመለስለት።

አልጋው የዋንዛ ነው። አረንጓዴው መጋዝ ዋንዛው ላይ ሲደርስ እንደ እርጥብ ደንገል ይታጠፋል። የመዶሻው ራስ ገና በመጀመሪያው ቀን ተስፈንጥሮ የጎረቤት ዶሮ አስደንግጧል። መላጊያዋማ እንጨቱን ቀለም ትቀባዋለች እንጂ አትልገውም። ስለዚህ ያየህ በሌላው ቀን በአሮጌው ዕቃ ይሠራል፤ በገበያ ቀን አቶ አዛናው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስጦታቸው ሲሠራ ሊያዩ ስለሚመጡ፣ እማዋይሽ መንገዱን ትጠብቃለች። ካየቻቸው ታስላለች። ያኔ የጣልያኑ መላጊያ ሰጋቱራ ውስጥ ይቀበራል፣ አረንጓዴዋ ትወጣለች። ፍቅፋቂ ስለማታወጣም ያየህ ጠዋት ያስቀመጠውን ፍቅፋቂ በግራ እጁ ጨብጦ፣ ተልጎ ባለቀ ጣውላ ላይ አንድ ጊዜ ገፋ እያደረጋት፣ ጥቂት ጥቂት መሬት ላይ ጣል ያደርጋል።

«እንዲያው ስትሄድ ማማሯ» ይላሉ አቶ አዛናው።

«ቅቤ ናት» ይላል ያየህ፣ ቀጣዩን ፍቅፋቂ ከመዳፉ እየለቀቀ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቄሱ መስቀሉን ሊያሳልሙት እጁን አይተው «ልጄ ያየህ፣ ሣር አጨዳ ገባህ እንዴ?» አሉት። አረንጓዴው ከጥፍሩ ሥር አልለቅ ብሎ ነበር።

እሱ እንዲህ ቲያትር ሲሠራ ሜዳው ላይ ዕቃው ይሰበራል። መጀመሪያ ንብረት የሚባል ገበሬ መጣና፣ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ በሩ ላይ ጣለለት። «ያንተ ምስክርነት ይኸውልህ። ሦስት ወራጅ አልቆረጠም» አለው። ቀጥሎ ሌላው መጣ። ታኅሣሥ ሳይጋመስ የያየህ በር አረንጓዴ ቁርጥራጭ ሞላው፤ ቤታቸውን አፍርሰው አዲሱን ያልጨረሱ ሰዎች በብርዱ ዳስ ውስጥ እያደሩ ስሙን እያነሡ ይረግሙታል። ይህኛው እውነትም አመመው። ማታ ማታ የራሱን ጣራ እያየ ይቃጠላል።

ከዚያ አንዱ «አሻጥር» የምትለዋን ቃል አነሣ። ነጋዴውና አናጢው ተካፍለው ነው ተባለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል አንዴ ካፍ ከወጣች፣ የተባለው ሰው ቤቱ ላያድር ይችላል።

በገበያ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አንለይን አስይዞ፣ ያየህን አስጠርቶ ገበያው መሐል ካለው ሾላ ሥር አቆማቸው። ሰው ግጥም ብሎ ሞላ። አንለይ «እኔ ርካሽ ነው ብዬ ሸጥሁ እንጂ ጥሩ ነው ብዬ አልማልሁም። ጥሩ ነው ያለው እሱ ነው» አለ። ልክ ነበር።

«አውቀህ ነው ሳታውቅ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ያየህ ቀና ሲል ከፊት መሥመር አቶ አዛናውን አየ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። አውቄ ነው ቢል አሻጥረኛ ነው፣ ወደ እስር ቤት። ስለምን እንደ ሆነ ቢያስረዳ፣ «የሰውየውን ደስታ ላለመስበር ነው» ቢል፣ አቶ አዛናው በገበያው ሁሉ ፊት የበርሜል ቁራጭ ታቅፎ የፈነጠዘ ሰው ይሆናሉ፤ የበቅሎዋ ነገር ይደገማል፣ እማዋይሽ ትቀራለች። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ በአቧራ የገነባው ስሙ ነው።

«ሳላውቅ ነው» አለ። ይህም እንደማይበቃ ገባው። «እኔ ዕቃ አላውቅም። መሪጌታ ጆሮ የለህም ብለው የመለሱኝ ሰው ነኝ። ዓይን መጨፈኑንም የጀመርሁት አቧራ ገብቶብኝ ነው። ጨፍኜ ምንም አልሰማም። እንዲያው እላለሁ። ባታምኑኝ ሚስቴን ጠይቁ፣ አልጋዬ ሥር ሣጥን አለ።»

አማከለች ከሴቶቹ መሐል «አለ። ለመሙላት ጥቂት ቀርቶታል» አለች።

አንዲት አሮጊት ሳቀች፤ ከዚያ ገበያው ሁሉ ሳቀ። ዓይናቸውን ጨፍነው ድንጋይ በጆሮአቸው የሚያዳምጡ ነበሩ፣ ሆዳቸውን ይዘው መሬት የተቀመጡ ነበሩ። ያየህ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ከተናገረው ሁሉ፣ ዕቃ አላውቅም ካለው በቀር፣ ሌላው እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበው። ሊቀመንበሩ ራሱ እንባውን እየጠረገ «ይሄስ አሻጥረኛ ሳይሆን ቂል ነው፣ ልቀቁት» አለ። አንለይም የሰውን ገንዘብ እንዲመልስ ተፈረደበት። ሳቁ ጋብ ሲል ያየህ ወደ ፊት መሥመር ቢያይ አቶ አዛናው የሉም። ሳይሰናበቱት ሄደዋል።

ሳምንቱን እማዋይሽ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ አልዘገየችም። ያየህ አልጋውን ጨርሶ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እንዳያየው ጨርቅ ጣለበት። ገበያ የሳቀበት ቂል ልጁን ማን ያገባለታል እያለ ያስባል።

በሚቀጥለው ገበያ እማዋይሽ አሳለች። አቶ አዛናው ገብተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አልጋውን በእጃቸው ዳበሱት፣ እግሩን ነቀነቁት፤ አልተነቃነቀም።

«ዕቃ አያውቁም ኖሯል፣ ዘመዴ» አሉ፣ ባዘነ ድምፅ።

«አላውቅም።»

«እንዴት ኖሩ ታዲያ እስካሁን? በእውነቱ አንጀቴን በሉኝ። ሳምንቱን ሳስብበት ሰነበትሁ።» አልጋውን መታ መታ አደረጉት። «ከዚያ ሁሉ አረንጓዴ ዕቃ ያልተሰበረ እኔ የመረጥሁት ብቻ ነው። ይኸው አልጋ አወጣ። ሳላውቀው ለካ የማውቀው እኔ ኖሬያለሁ። ስለ ልጆቹ አይስጉ፣ ጥር ጥር ነው። ከእንግዲህ ግን እኔን ሳያማክሩ ዕቃ እንዳይገዙ። እኔ እመርጥልዎታለሁ።»

ያየህ አፉን ከፈተ። ሰጋቱራው ውስጥ፣ ከአቶ አዛናው እግር አጠገብ፣ የጣልያኑ መላጊያ ተቀብሯል። አፉን መልሶ ዘጋውና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ጥር ላይ እማዋይሽ ተዳረች። በቅሎዋ ላይ ከመውጣቷ በፊት የአባቷን ጉልበት ስትስም ቀስ ብላ «አባዬ፣ አልጋውን በየትኛው መላጊያ ነው የሠራኸው?» አለችው።

«በአረንጓዴው» አለ። ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች፤ እሱም እንደዚያው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ወረታ ገበያ ላይ ዕቃ የሚፈርዱት አቶ አዛናው ናቸው። እሳቸው ከፊት ይሄዳሉ፣ ያየህ ከኋላ ይከተላል። አንድ ቀን መጋዝ ሊመርጡለት ተነሡና አንዱን አንጠልጥለው፣ በጥፍራቸው ኳ አድርገው፣ ወደ ጆሮአቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ።

«ይህች ናት» አሉ። «ይውሰዷት።»

ያየህ ጥርሷን አየ፣ እጀታዋን አየ፣ የብረቷን መሳሳት አየ። «እማዋይሽ እንዴት ናት?» አለ።

«ተመስገን፣ ደህና ናት። መንታ ወልዳ አልጋው ጠቧታል።»

ያየህ ከፈለና መጋዟን ይዞ ሄደ፤ ሣጥኑ ውስጥ ገና ቦታ ነበር።