አቶ ወንድይራድ ጀልባዋን የለቀቋት ጠዋት

አቶ ወንድይራድ ዐርፈዋል። በቀብራቸው ዕለት ከጉድጓዱ አፋፍ የቆምነው እነዚህ ነን፤ ፍትሐት ያደረሱት ቄስና ዲያቆኑ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ አስከሬኑን የተሸከሙት ጎረምሶች፣ በፋብሪካው ኤሌክትሪክ ክፍል አብረዋቸው የሠሩት አቶ ታደለ፣ ከደብረ ሲና መጥተው ያስታመሟቸው እህታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ምሳ ይበሉባት የነበረችው ባለ ምግብ ቤቷ ሐዋ፣ እኔም እናኑ። የቀረው ዕድርተኛ ስሙን አስጠርቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው የተመለሳችሁትን ለመውቀስ አይደለም። ስለ እሳቸው የምታውቁት አንድ ነገር ነው፤ ለመጫወቻ ጀልባ ብለው የሰው ልጅ በባሕር አስበሉ የሚል። ያ ልጅ የእኔ ልጅ ነው። ስለዚህ እውነቱን መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌን አትዩብኝ።

አቶ ወንድይራድ ወደ ጊቢዬ የገቡት በደርግ ጊዜ፣ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ዓባይ ማዶ ካለው ቤቴ አንዲቱን ክፍል አከራየኋቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ ለልጄ ለይበልጣል ደግሞ አብዝቼ እፈራ ነበር። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ባሕሩን አላስነካሁትም። እሳቸው ግን በገቡ በሳምንቱ የጊቢውን የመብራት ሽቦ ዞረው አይተው፣ የተላጠውን ሁሉ ሳልጠይቃቸው ለውጠው፣ «እትዬ፣ ይህ ሽቦ ልጅ ይገድል ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ልጄ ከእሳቸው ክፍል ሲገባ ልቤ ያርፍ ነበር።

ጀልባዋን ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። ክንድ ተኩል የምትሆን፣ ነጭ ሸራ ያላት፣ ሰው ሳይኖርባት በባሕሩ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትል። አይታችኋት ያማተባችሁም አላችሁ። አስማት አልነበረም። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ የተወላቸው የሬድዮ ዕቃ ነበራቸው፤ አንዱ ረጅም አንቴና ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ሳጥን ነው፤ ሌላው ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። የሳጥኑን አንዱን ዘንግ ሲነኩት የጀልባዋ መሪ ይዞራል። ሌላውን ሲነኩት ትንሽ ሞተር ገመድ እየሳበች ሸራውን ታጠብቀዋለች ወይም ታላላዋለች። የሚያስኬዳት ግን ነፋስ ብቻ ነው። «እኔ የማዛት ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን የምትሰማው ከነፋሱ ነው» ይሉ ነበር።

ገላዋን ከዋንዛ ጠርበው ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ምሰሶዋ ቀርከሃ ነው። ሸራዋን እሳቸው ቆርጠው እኔ በእጄ ዘመዘምሁት። ከሆዷ በታች ወደ ውሃው የምትወርድ እግር ነበረቻት፤ ከጫፏ ላይ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ያቀለጡትን እርሳስ አፍስሰውባታል፤ ነፋስ ሲያጋድላት የሚያቀናት እሱ ነው። ውሃ ታስገባ እንደሆነ ለማወቅ ሆዷ ውስጥ ጋዜጣ አስቀምጠው ውሃ ከሞላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ላይ ያሳድሯታል። ጠዋት ጋዜጣው ከደረቀ ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ይውላሉ። ከረጠበ እንደገና ማሸግ ይጀምራሉ።

ወደ ባሕሩ ከመሄዳቸው በፊት የማይተዉት ሥራ ነበራቸው። ጀልባዋን ከበራፌ አስቀምጠው፣ አንቴናውን አጥፈው፣ ሳጥኑን ይዘው እስከ መንገዱ ማዶ ይሄዳሉ። እኔ ከጀልባዋ አጠገብ ቆሜ መሪዋን አያለሁ።

«እህ?» ይላሉ ከዚያ ሆነው።

«ዞረ።»

«አሁንስ?»

«ወደ ግራ ዞረ።»

አንቴናው ታጥፎ ከዚያ ርቀት ከታዘዘች፣ ሲዘረጋ ከባሕሩም ውስጥ ትታዘዛለች ማለት ነው። አንድ ቀን ልጄ፣ «እማዬ እኮ ተቀጥራለች፤ ደመወዝ ይቆረጥላት» አለ። «ጡረታም አላት፤ ግን እስክታረጅ ትጠብቅ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ሌላው ሕጋቸው የነፋሱ ነገር ነበር። በእኛ በኩል ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይገለበጥና ከባሕሩ ወደ ሰው ይመጣል። እሳቸው ጀልባዋን የሚያወጧት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። «ሬድዮው ቢሞት እንኳ ነፋሱ ራሱ ያመጣልኛል» ይሉ ነበር። ከምሰሶዋ ጫፍ ከእኔ ፈትል የተቆረጠ ክር አለ፤ ክሩ ወደ እኛ ካልዘነበለ አይነኳትም። ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ተሸክመዋት የተመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሬድዮ መያዝ ቀልድ አልነበረም። ቀበሌው አንድ ጊዜ ዕቃውን ወስዶ መርምሯል። የመለሰላቸውም አብዮት ጥበቃ ቆሞ ሲያይ ብቻ እንዲነኩት አስጠንቅቆ ነው። ጀልባዋን ባወጡ ቁጥር ጠመንጃ የያዘ ሰው አጠገባቸው ይቆም ነበር።

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ከእሱ በፊት የሄዱት የሰፈራችን ልጆች ወሬያቸው ጠፍቶ ነበር። የተጠሩትን ሰብስበው ከቀበሌው አዳራሽ አስቀመጧቸው። ድልድዩ ላይ ጠባቂ አለ፣ በወረታው መንገድ ኬላ አለ፤ ቢያመልጥስ በየት ይሄዳል? እኔ ስንቅ እያቀበልሁ ከአዳራሹ በር ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ጋሽ ወንድይራድ አንድ ቀን ከዚያው አገኙኝና፣ «እትዬ፣ ከሌሎቹ ጋር ቢሄድ ይሻልዎታል ወይስ ቢጠፋ?» አሉኝ። «እንዲኖር ነው የምፈልግ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱብኝም።

በዚያው ሰሞን እንግዶች ከበላይ ይመጣሉ ተባለ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አቶ ወንድይራድን ጠርተው ጀልባዋን ለእንግዶቹ እንዲያሳዩ አዘዙ፤ ያውም በጠዋት። እኔ እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሺ አሉ። ጨምረውም፣ «ምናልባት አንድ ነገር ብትሆን በታንኳ ደርሶ የሚመልሳት ሰው ያስፈልገኛል። ይበልጣል ጠባይዋን ያውቃል» አሉ። ሊቀ መንበሩ ሳቁና፣ «በደንገል ታንኳ ሱዳን አይገባ፤ ይሁን» አሉ። ልጄ ታንኳ መቅዘፍ እንደሚያውቅ እኔ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ጠዋት የተጠሩትን ልጆች በሰልፍ አምጥተው ለእንግዶቹ እንዲዘምሩ ከባሕሩ ዳር አቆሟቸው። እኔም ሄድሁ። ጋሽ ወንድይራድ ጀልባዋን ተሸክመው መጥተው ቀጥታ ከውሃው ላይ አኖሯት። ከሩቅ አልሞከሯትም። ክሩን ሳየው ወደ ባሕሩ ዘንብሏል። የእንግዶቹ ነገር አስጨንቋቸው የረሱት መሰለኝ።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ ሳይሞክሯት? ነፋሱ እኮ ወደ ውስጥ ነው» አልሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ ሆነው አይተውኝ አያውቁም።

«ሴትዮዋ ደግሞ መርከበኛ ሆነች» አሉ ሊቀ መንበሩ፤ እንግዶቹም ሳቁ።

«ዛሬ ይቅር፣ እትዬ» አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ በእጃቸው ገፋ አደረጓት።

መጀመሪያ አምሮባት ነበር። ወዲያ ሄዳ ተመለሰች፤ ሸራዋን ወደ ሌላው ጎን ገልብጣ እንደገና ዞረች፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራ መሄድ ጀመረች፤ አልተመለሰችም። ጋሽ ወንድይራድ ሳጥኑን ከፍ ዝቅ አደረጉ፣ ዘንጉን ነካኩ፣ ባትሪውን አውጥተው አገቡ። «ሬድዮው ሞተ» አሉ። ልጄን ጠርተው፣ «ድረስባት» አሉት።

ልጄ ታንኳው ላይ ሲወጣ እኔ ከነልብሴ ውሃው ውስጥ ገባሁ። «ይቅር፣ አትሂድ፣ ለእንጨት ነው የምትሞት?» ብዬ ጮኽሁ። አንዱ ጠባቂ በነጠላዬ ስቦ አወጣኝ። ልጄ ዞሮ አላየኝም። ሸራዋ ፊት ፊት፣ ታንኳው ከኋላ ከኋላ እያሉ ውሃው ውስጥ ከበቀለው ደንገል ወዲያ ሄዱና ከዓይን ጠፉ። እንግዶቹ ፀሐይ ሲበረታባቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተገልብጦ ታንኳውን ብቻውን ወደ ዳር አመጣው። የልጄ ሹራብ ከላዩ ላይ ነበር።

ሰጥሟል ተባለ። ጋሽ ወንድይራድን ወስደው አሰሯቸው። ሰንብተው ሲለቋቸው ሬድዮውን አስቀሩባቸው። ከእስር እንደ ወጡ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጡ። በለቀስተኛው ፊት፣ «ልጄን በእንጨት ለወጡት። ከጊቢዬ ይውጡልኝ» አልኋቸው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለው ተነሡ፣ በዚያው ቀን ዕቃቸውን አውጥተው ሄዱ።

አርባው ሲቃረብ ከዓባይ ዳር ብቻዬን ልብስ ሳጥብ መጡ። አጠገቤ አልቆሙም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንዙን እንደሚያይ ሰው ሆኑ።

«እትዬ፣ ቀና አይበሉ፣ ማጠብዎንም አይተዉ። ልጁ አለ። ከባሕሩ ማዶ፣ ቁንዝላ ደርሷል።»

«በቁስሌ አይጫወቱ» አልሁ።

«ስለ ሹራቡ እንዳይቆጡት ለምኗል። ‹አዲስ ነበር፣ ትጮህብኛለች› ብሏል።»

ያን ጊዜ የልጄ ቃል መሆኑን አወቅሁ። እሳቸውም ነገሩን ሁሉ አስረዱኝ። የሰው ሁሉ ዐይን እያየው የሚያመልጥበት ሌላ መንገድ ስለ ታጣ፣ ጀልባዋን ራሳቸው ወደ ውስጥ መርተው ለቀቋት እንጂ ሬድዮው አልሞተም ነበር። የቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ ወዳጅ አላቸው፤ ከደንገሉ ጀርባ ጠብቆ ልጄን ወደ ራሱ ታንኳ አሻገረው፣ የልጄን ታንኳ ከነሹራቡ ለነፋሱ ተዉት።

«ምነው ሳይነግሩኝ?» አልሁ።

«ቢያውቁ እንደዚያ አይጮኹም ነበር። እነሱ ያመኑት እኔን አይደለም፣ የእርስዎን ጩኸት ነው።»

«ጀልባዋስ?»

«እሷ ሄደች» አሉ። ስንት ዓመት የለፉባትን በዚህች ቃል ተዉአት። ሌላም አልሠሩም።

ከዚያ የተዝካሩ ነገር መጣ። በሕይወት ላለ ልጅ ተዝካር ማውጣት አስፈራኝ፤ ሞቱን የምጠራበት መሰለኝ። ባላወጣ ደግሞ እናቱ ምን ብታውቅ ነው ይባላል። መላውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። «ለአባቱ ያውጡለት። ካህኑ የሚጠሩት የክርስትና ስም ነው፤ የማን እንደሆነ ጎረቤት ምን ያውቃል?» አሉኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው፤ ካህኑም የባለቤቴን የክርስትና ስም ጠሩ። እናንተም በልታችሁ ጠጥታችሁ «ነፍሱን ይማር» አላችሁ። ላባቱ ደርሶለታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ከዚያ በኋላ ጥቁሬን አላወለቅሁም። ጋሽ ወንድይራድን በመንገድ ሳገኛቸው ፊቴን አዞር ነበር፤ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከሐዋ ምግብ ቤት ጓዳ፣ «ይህ ስም ይበቃዎታል፤ ልናገር» ብላቸው፣ «እኔን እየሰደቡ እስካሉ ድረስ ልጁን አይፈልጉትም፤ ይስደቡኝ» አሉ። ከፊታቸው ምራቋን የተፋች አንዲት ጎረቤታችን የቤቷ ሽቦ ተቃጥሎ ስትጨነቅ፣ መሰላል ተበድረው ሄደው የጠገኑላት እሳቸው ናቸው። «የምትጠላው እኔን ነው፤ ልጆቿ ምን አደረጉ?» አሉኝ በኋላ።

መንግሥት ሲለወጥ ልናገር ተነሣሁ። «ትንሽ ይታገሡ፤ ይበልጣል መምጣቱ ነው፤ ሦስታችን በድልድዩ ላይ አብረን እንሄዳለን፣ ያኔ መናገርም አያስፈልግ» አሉኝ። ከሱዳን የሚመለሱ ሰዎች ሲመጡ እኔ ስፈራ እሳቸው አውቶቡስ ተራ ሄደው ይጠይቃሉ። ሳንባቸው ታሞ መውጣት ሲያቅታቸው እኔ ብቻዬን መሄድ ጀመርሁ። ማታ ማታ ሰው ሳያየኝ ልጠይቃቸው ስገባ «እህ?» ይሉኛል። «ዛሬም የለም» እላቸዋለሁ። እንዲህ እንዳለን ዐረፉ።

ጋሽ ወንድይራድ፣ የእኔን ልጅ ለማኖር የራስዎን ስም ሰጥተው ሄዱ። ልጁ መጥቶ በአፉ እንዲናገርልዎት ነበር የፈለጉት፤ አልደረሰልዎትም፣ እኔው ተናገርሁት። በሰው መካከል ሳገኝዎት ፊቴን ሳዞር ኖሬያለሁ። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት እጅ እነሣለሁ። በሰላም ይረፉ፣ ወንድሜ።

እናንተም፣ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የተመለሳችሁ ወይም በዚያ ዘመድ ያላችሁ፤ ልጄ ከቁንዝላ ወደ መተማ፣ ከመተማም ወደዚያ እንደ ተሻገረ አንድ የወረታ ነጋዴ ነግሮኛል፤ ከዳቦ ቤት ሲሠራ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ረዘም ያለ ነው፣ ጠይም፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው፣ ስሙ ይበልጣል ነው። ያያችሁት ወይም የሰማችሁት ነገር ካለ፣ ክፉም ቢሆን፣ ዓባይ ማዶ መጥታችሁ ንገሩኝ።