ሁለተኛው ወንበር

ሰፈሩ ጋሽ ማጠፊያ ይለዋል። ሙያው የብረት በርና መስኮት መሥራት ነው፤ እሱ የሠራው በር ሲዘጋ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ስም የወጣለት ግን በበር አይደለም፣ በመኪና ነው። የምትታጠፍ መኪና ሠርቶ ነበር። ዛሬ ይሄን ሰምቶ «ወሬ ነው!» የሚል አይጠፋም፤ ምን ይደረጋል፣ የገዛ ወንድሙም ዓይኑ እያየ አላመነም።

ነገሩ የተጀመረው በሚስቱ ጉልበት ነው። እየቆረጠማት የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት አቃታት። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ታላቅ እህት አለቻት፣ እንደ እናት ያሳደገቻት። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ፣ «እህቴን ሳላያት ልሞት ነው» አለች።

«ምን ሆነሽ ትሞቻለሽ! እኔ ራሴ አደርስሻለሁ» አላት።

መኪና የመግዛት አቅም የለው። ቢኖረውስ የት ሊያቆማት? ግቢ የለ፣ መንገድ ዳር ያደረ ነገር ደግሞ ጎማው ሳይቀር ይሄዳል። ስለዚህ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ሞተር፣ ከቱቦላሬና ከላሜራ፣ በለመደው የበር ማጠፊያ እያያያዘ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽዬ መኪና ሠራ። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጎንና ጎኗ እንደ መስኮት ይከደናል። ታጥፋ ስትቆም ቁም ሳጥን ናት። መኪናዋ ገና ቀለም ሳትቀባ ሚስቱ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ «ይሄ የኔ ነው» ብላ በእጇ ትራስ ሰፋችለት።

ጣጣው በሩ ላይ መጣ። ታጥፋ እንኳ በቤታቸው በር አልገባ አለች፤ ሁለተኛው ወንበር ጎኗን አሳብጧታል። ለካ፣ ቆረጠ፣ ሞረደ፣ እምቢ። በመጨረሻ ወንበሩን ነቀለው። ሸርተት ብላ ገባች! ሰውየው በደስታ የሚሆነውን አጣ።

«እኔስ?» አለች ሚስቱ ትራሷን እንደያዘች።

«ለጊዜው ነው። የመኪና ፋብሪካ ሰዎች ይዩልኝና ላንቺ ሌላ እሠራለሁ።»

«በሩ አልወደደኝማ» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ከዚያማ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነበት። ሰው ይሰበሰባል፣ እሱ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ይጨበጨብለታል። ሚስቱ በመስኮት ታያለች። የፋብሪካ ሰዎችም መጡ። ክራባት ያሰረው ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «እጅዎ ይባረክ፤ ግን ለአንድ ሰውማ ሞተር ሳይክል ምን አጠፋ? ሁለት ብትይዝ ኖሮ እንነጋገር ነበር» ብሎ ሄደ። ይሄኔ ወንበሩን አይመልስም? የለም! ተናዶ ጭራሽ ይበልጥ ሊያሳንሳት ገባ። አያችሁልኝ ግትርነት!

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ቴሌቪዥኑ የአንድ ትልቅ ኩባንያ አዲስ ታጣፊ መኪና አሳየ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይስቃሉ።

«ጋሼ፣ ሰረቁህ እኮ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የኔዋ አንድ ወንበር ናት» አለ።

ሚስቱን ሕመሙ ከጉልበቷ አልፎ አልጋ ላይ ጣላት። አምቡላንስ ሲመጣ ቃሬዛውን ግራና ቀኝ የያዙት ሰዎች በበሩ ማለፍ አቃታቸው። ያን ጊዜ ሳያስብ መዶሻና መሮ አነሳና በሩን ከነመቃኑ ገነጠለው። ሙያው አይደል? ላቡ እንኳ ጠብ ሳይል አለቀ። በሩ ወለል አለ።

ሚስቱ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብላ ክፍቱን አየችው። «ውይ፣» አለች፣ «እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?»

ክፋት አልነበረባትም፤ ገርሟት ነው። እሱ ግን መዶሻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዕድሜውን በሙሉ ለሰው በር ሲያሰፋ ሲያጠብ የኖረ ሰው፣ የራሱን በር ማስፋት አንድም ቀን አልታየውም።

አልተመለሰችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰፊ ባለ ሁለት መዝጊያ በር ሠርቶ ገጠመ፤ ወንበሩንም ከነትራሱ ወደ ቦታው መለሰ። ለለቅሶ የሰነበተችው እህትየው ልትሄድ ስትነሳ መኪናዋን አውጥቶ ዘረጋላት።

«ግቢ፣ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ» አላት።

እህትየው ጎንበስ ብላ ትራሱን አየች። የእህቷን ስፌት አወቀችው፤ መስፋቱን ያስተማረቻት እሷ ናት።

«የሷ ነው» አለች። «እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

ከመንገዱ ጥግ እስክትጠፋ ቆሞ አያት። ከዚያ መኪናዋን አጥፎ አስገባት።